በወንበሩ ውስጥ የነበረው ሰው

ቫን ናይስ፣ ካሊፎርኒያ
ማርች 6 ቀን 2006

ለአቶ ሜርል ስተዳርድ፤

ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉ አይደለም፤ በሕይወት ስለመኖርዎ እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው። መልስዎ ሲደርሰኝ «አለ ማለት ነው» አልኩ። አድራሻዬን ከየት አገኘሽ ላሉኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በየገናው በሚልኩልኝ ካርድ ፖስታ ላይ ተጽፏል። ካርዶቹን አነብባቸው ነበር ብዬ አልዋሽዎትም። ፖስታውን አይቼ ነበር የምጥላቸው።

ምን ፈልገሽ ነው ለሚለው ደግሞ ሁለት ጉዳይ አለኝ። አንደኛው የደስታ ነው ይሉታል። የእኛ ሜጀር፣ ያ አረንጓዴ መኪና፣ በቴሌቪዥን ድራማችን አፍ አውጥቶ መናገር ከጀመረ ዘንድሮ ሃያ አምስት ዓመት ሆነው። ወዳጆቹ ማኅበር አላቸው። አርባ ዓመት የሚጠጋቸው መላጣ ወንዶች አረንጓዴ ጃኬት ለብሰው ይሰበሰባሉ፤ መኪናውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ከእኔ ጋር ፎቶ ይነሳሉ፤ በቀረጻ ቦታ የሜጀርን ንግግር በማይክሮፎን አነብ የነበርኩት እኔ ነኝና። በቴሌቪዥን የሚሰማው የአንድ የኒውዮርክ ሽማግሌ ተዋናይ ድምፅ በኋላ የሚገባ መሆኑን፣ ሰውየው መኪናውን በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅ ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። እርስዎን ማንም አያውቅዎትም። ሾፌር አልባ ነው ሲሉ ባደጉት መኪና ውስጥ፣ የወንበር ልብስ ለብሶ ወንበር መስሎ የሚነዳ ሰው እንደነበረ ባለፈው ወር ብነግራቸው አንዱ ሊያለቅስ ደረሰ። ለጁን 10 ቡርባንክ እንዲመጡላቸው ለምነዋል። እኔ መልእክቱን ማድረሴ ነው።

ሁለተኛው የእኔ ጉዳይ ነው። ድምፅ ቀራጫችን ዋልት ክሮል ባለፈው መኸር ሞተ። ሚስቱ ጋራዡ ውስጥ የነበሩትን የድምፅ ቴፕ ክሮች ሸጠች። ለወትሮው ማንም አይፈልጋቸውም። ነገር ግን አንዱ ሳጥን ላይ «ኦገስት 14፣ 1985» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ባለቤቴ ጊብ በዚያ መኪና ሥር የሞተበት ቀን መሆኑን ላስታውስዎ አይገባም፤ ከወንበሩ ውስጥ የነበሩት እርስዎ ነዎት። እኔ ስደርስ ያ ሳጥን ተሽጧል። ስለዚህ ነገር የሚያውቁት አለ?

ላቨርን ሆይት


ፓራምፕ፣ ኔቫዳ
ማርች 15

ላቨርን፤

አንቱ አልሺኝ? በቀረጻ ቦታ ሁሉ ሰው ፊት «ሶፋው መጥቷል?» እያልሽ የምትጮኺው ሴት ዛሬ አንቱ ስትዪኝ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞሬ አየሁ። ሰው ሲጠረጥር አንቱታ ያበዛል። እኔ ግን አንቺ ብዬ እቀጥላለሁ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ አዲስ ነገር አልለምድም።

ጤናዬን ለጠየቅሽኝ፣ ጉልበቴ ሄዷል፣ ውሻዬ ታውሯል፣ ሁለታችንም ግድግዳ ይዘን ነው የምንሄደው። እንዴት ትኖራለህ ብትዪኝ፣ ብቻዬን ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ አልሰጡኝም። አልቀየምኩም።

መላጦቹን ሰላም በይልኝ። አልመጣም። ሰዎቹ የሚወዱት ሾፌር የሌለውን መኪና ነው፤ እኔ ብመጣ ልጅነታቸውን አበላሽባቸዋለሁ። ፍሬዝኖ ውስጥ የገበያ አዳራሽ ሲመረቅ ትዝ ይልሻል? አራት ሰዓት በወንበሩ ውስጥ ተሰፍቼ ቁጭ ብያለሁ። አንዲት ልጅ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ እናቷ እንዳትሰማ፣ የወንድሟን ወፍ ከጎጆዋ የለቀቀችው እሷ እንደሆነች በሹክሹክታ ለሜጀር ነገረችው። መልስ ጠበቀች። እኔም የሽማግሌውን ድምፅ አስመስዬ «ምስጢርሽ በሞተሬ ውስጥ ይቀመጣል» አልኳት። የዚያን ጊዜ ልጆች መኪናው እንደማይዋሻቸው ያምኑ ነበር። እኔም አንዳንዴ አምን ነበር።

ስላልሽው የድምፅ ክር ምንም አልሰማሁም። ዋልት ነፍሱን ይማረው። ጋራዡ ውስጥ የነበረው አብዛኛው የሳንድዊች መጠቅለያ ነበር ቢሉኝ አምናለሁ።

ሜርል


ቫን ናይስ
ማርች 27

ሜርል፤

ከእንግዲህ አንቱ የለም። አንቱታው ለማላውቀው ሰው ነበር፤ አሁን አወቅኩህ።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ወደ ዋልት ሚስት ሄድኩ። የገዢውን ስም አልጠየቀችውም። ረጅም ሽማግሌ ነው አለችኝ፤ ያነክሳል፤ የመኪናው ታርጋ የኔቫዳ ነው። ሰላሳ ሣጥን ተደርድሮለት አንዱን ብቻ አንስቶ ሄደ፤ ሌላውን ዞር ብሎ እንኳን አላየውም። ሳጥኑን ሲያቅፍ የግራ እጁ ትንሿ ጣት እንደሌለች አየች። ያቺን ጣት በመጀመሪያው ዓመት የሜጀር በር ሲበላት በበረዶ ጠቅልዬ ሆስፒታል ያደረስኩህ እኔ ነኝ። የሳንድዊች መጠቅለያ ነው ያልከኝ ክር ቤትህ ተቀምጧል።

«ከሃያ ዓመት በኋላ ማወቁ ምን ያደርግልሻል» ብለህ ከደብዳቤህ ተከትሎ በደረሰኝ ፖስት ካርድ ለጠየቅከኝ ይኸው መልሴ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን መኪናውን ያስነሳው ምን እንደሆነ። ደንቡን ሁለታችንም እናውቃለን። ሜጀር «መጣሁ፤ መንገድ ልቀቁ» ሲል አንተ ትነዳለህ፤ ያንን የማነበው እኔ ነኝ፤ ካላነበብኩ አትነዳም። ጊብ፣ የካሜራ ሠራተኛ ስለነበር፣ ከካሜራው እስከ መኪናው አፍንጫ ያለውን ርቀት በሜትር ሊለካ ተንበርክኮ ነበር። እኔ ዞሬ ከዳይሬክተሩ ጋር እያወራሁ ነበር። አላነበብኩም ብዬ ለመርማሪዎቹ ማልኩ። አንተም «ማንም ምልክት አልሰጠኝም፤ ራሴ ነኝ የተነሳሁት» አልክ። ዝም ብሎ የሚነሳ ሰው የለም፤ ወይ ጠጥቷል፣ ወይ አንቀላፍቷል፣ ወይ ይዋሻል። የመጀመሪያው ነው ብዬ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። የአሁኑ ደብዳቤህ ግን ሦስተኛው ይሆን እንዴ አሰኘኝ።

ጠጥተህ ነበር?

ላቨርን


ፓራምፕ
ኤፕሪል 8

ላቨርን፤

ክሩ እኔ ዘንድ ነው። ስለዋሸሁሽ ይቅርታ። የማኅበሩ ጋዜጣ ላይ የዋልት ዕቃ ይሸጣል ሲባል አነበብኩና፣ ሌሊት ተነስቼ አምስት ሰዓት ነዳሁ። የእነዚያ መላጦች እጅ ቢገባ ድግሳቸው ላይ ያጫውቱት ነበር።

አልጠጣሁም። እንኳን መጠጥ ውኃም አልጠጣ፤ በወንበር ልብስ ውስጥ የተሰፋ ሰው ሽንቱን ለማን ይነግራል?

ምን አለበት ብትዪኝ፣ መኪና አለበት፤ ሰው አለበት፤ ጩኸት አለበት። የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛ አልደግመውም፤ አንቺም አትስሚው። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ትሪሽን አስቢ፤ አባቷ ሲሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያለ ክሩ አድጋለች፣ ያለ ክሩ ትኖራለች።

እኔ በማንም ላይ ቂም የለኝም። በአንቺ ላይማ ከቶ የለኝም። ያኔውኑ፣ ገና አስፋልቱ ላይ እያለን፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ለዚያ ነው ካርዱን ስልክ የኖርኩት።

ሜርል


ቫን ናይስ
ኤፕሪል 14

ይቅር ያልከኝ ምን አድርጌ ነው?

ላቨርን


ፓራምፕ
ኤፕሪል 29

ላቨርን፤

ሁለት ሳምንት እስክሪብቶውን ሳነሳ ሳስቀምጥ ቆየሁ። መጥፎ ነገር ከአፌ አምልጧል፤ አሁን መመለስ አይቻልም።

ወንበሩ ውስጥ እንዴት እንደነበርኩ አልገባሽም፤ ገብተሽበት አታውቂም። ጆሮዬ በስፖንጅ ተሸፍኗል። የማየው በመደገፊያው ላይ ባለ ቀጭን ጨርቅ ነው፤ ከመኪናው አፍንጫ በታች ያለ ነገር አይታየኝም። ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ሁሉ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ነው፤ ሴት ይሁን ወንድ፣ ከድምፅ ማጉያው ይሁን ከመስኮቱ፣ አይለይም። ቃሉን ብቻ ነው የምይዘው። ያን ቀንም ቃሉን ሰማሁ። «መጣሁ፤ መንገድ ልቀቁ።» ነዳሁ።

ሲያወጡኝ አንቺ መሬት ላይ ነበርሽ፣ ጭንቅላቱን ይዘሽ። ቃሉን የሚያነበው አንድ ሰው ነው። አንቺ ነሽ አልኩ በልቤ። ሳታውቂው አንብበሽዋል አልኩ። ባሏን ራሷ እንደገደለች ብትሰማ ይህች ሴት አታድርም፤ ልጅም አላት። ስለዚህ መርማሪዎቹ ሲጠይቁኝ ምንም አልሰማሁም አልኩ። እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ስሜ ቢጠፋ የሚራብ የለም። በየገናው ካርድ ስልክ ትርጉሙ «አውቃለሁ፣ አልናገርም» ነበር።

ክሩን የገዛሁት አንቺ እንዳትሰሚው ነው። እኔ ግን ድምፁን ከዚያ ዕለት ወዲህ ሰምቼው ስለማላውቅ አጫወትኩት። አንቺ አይደለሽም፣ ላቨርን። ሌላ ሰው ነው ያለው። ይኸው ነገርኩሽ፤ ይብቃሽ። ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ሜርል


ቫን ናይስ
ሜይ 5

ሜርል፤

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፤ መቀመጥ አስጠላኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ባሌን የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ እያሰብክ በየገናው ካርድ ትልክልኝ ነበር? እኔ እዚህ ሰካራም እያልኩ ስረግምህ፣ አንተ እዚያ ተቀምጠህ ትምረኝ ነበር? ማን ምሕረት ለመነህ? አንድ ቀን መጥተህ «ላቨርን፣ አንብበሻል ወይ» ብትለኝ ምን ነበረበት?

«ይብቃሽ» ትለኛለህ። እንዴት ይበቃኛል? ለሰው ሁሉ፣ ለትሪሽም ያልነገርኳትን ልንገርህ። ያን ቀን ገጹ በእጄ ነበር፤ ማይክሮፎኑም። ከዳይሬክተሩ ጋር ሳወራ እያጉረመረምኩ እለማመድ ነበር፤ ልማዴ ነው። መርማሪዎቹ ፊት አላነበብኩም ብዬ ስምል ግማሹ ልቤ አልማለም። ሌሊት እየነቃሁ «ብዬው ይሆን?» እላለሁ። አንተ ጠጥተህ ነበር ብዬ አጥብቄ የያዝኩት ለምን ይመስልሃል? ሌላው አማራጭ እኔ ስለሆንኩ ነው።

አሁን አንተ አንቺ አይደለሽም ትለኛለህ። የማንን ቃል ልመን? ለእኔ አዝነህ በመሐላ የዋሸህ ሰው አይደለህ? ያኔ አዝነህ ከዋሸህ፣ ዛሬም አዝነህ እየዋሸህ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ክሩ ላይ የእኔ ድምፅ ቢኖር ይህንኑ ደብዳቤ ነበር የምትጽፍልኝ፤ ቃል በቃል። አስበው እስቲ። «ሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ።» ሌላ ምን ትል ነበር?

የሰው ስም አልፈልግም። ክሩን ላክልኝ። ካልላክህ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ እንደዚያው አድርጌ እይዘዋለሁ።

ላቨርን


ፓራምፕ
ሜይ 19

ላቨርን፤

ሳጥኑን በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። ልክ ነሽ። ውሸቴ እውነቴን ዋጋ አሳጣው፤ ይህን ሳላስብበት ሰባ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ከማጫወትሽ በፊት ግን ከእኔ ስሚው፣ ማሽኑ ድንገት እንዳይነግርሽ። ጊብ ነው። የሁላችንንም አመል ታውቂያለሽ፤ ከምግብ አቅራቢው እስከ መብራት ሠራተኛው የሜጀርን ድምፅ የማያስመስል አልነበረም። ተንበርክኮ እየለካ፣ የሽማግሌውን ድምፅ አውጥቶ ቀለደ። መስኮቱ ለሙቀቱ ተብሎ ተከፍቶ ነበር። ዋልት ማሽኑን ሳያጠፋ ቆይቶ ኖሮ ሁሉንም ቀድቶታል፤ ለመርማሪዎቹ ግን ማሽኑ አልተነሳም ነበር አላቸው። እሱም አዝኖልሽ ይሆናል። ሁላችንም አዘንንልሽ፤ አንድም የጠየቀሽ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ይቀራል፤ ይህ የእኔ ነው። ደንቡ ቃሉ ብቻ አልነበረም። ከቃሉ በኋላ የዳይሬክተሩ ረዳት የመኪናውን ጣሪያ ሁለት ጊዜ በመዳፉ ይመታል፤ መንገዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ያለዚያ መነሳት የለም። በአራተኛው ዓመት ግን ሁሉ ሰው ቸኮለ፤ ጣሪያውን የሚመታው ሲገኝ ይመታል፣ ሳይገኝ እንነዳለን። ያን ቀን አልተመታም። ላብ ውስጥ ነበርኩ፤ ቶሎ ይለቅና ልውጣ ብዬ ነዳሁ። ጣሪያው ሁለት ጊዜ እስኪመታ ብጠብቅ ጊብ ከለካ በኋላ ተነስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ሳንድዊቹን በልቶ ነበር። ለአንቺ ይቅርታ አድራጊ መስዬ ካርድ ስጽፍ ይህን ከራሴም ደብቄ ነበር። አንቺን መማር እኔን ከመውቀስ ይቀል ነበር መሰለኝ።

ቡርባንክ አልመጣም ያልኩበት ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ የምታደርጊውን አድርጊ።

ሜርል


ቫን ናይስ
ጁን 3

ሜርል፤

ሳጥኑ ደረሰ። ማጫወቻ ከማኅበሩ ጸሐፊ ተዋስኩ። ምን ልትሰሚበት ነው ሲለኝ የቤተሰብ ነገር ነው አልኩት፤ አልዋሸሁትም።

መጀመሪያ ብቻዬን ሰማሁት። አንዱ ስለ ሙቀቱ ያማርራል፤ አንዱ የጎደለ ገመድ ይፈልጋል። ከዚያ በጣም ከሩቅ የእኔ ድምፅ መጣ፤ «ገጽ አርባ አንድ ተቀይሯል ወይስ የድሮው ነው?» እላለሁ፤ ዳይሬክተሩ የድሮው ነው ይለኛል፤ እኔም ለምን እንደማይነግሩኝ እየተነጫነጭኩ ነው። በዚያው መሐል ሌላው ድምፅ፣ ቅርብ፣ «መጣሁ፤ መንገድ ልቀቁ» አለ። እኔ እየተነጫነጭኩ ነበር፣ ሜርል። እየተነጫነጭኩ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እስክደክም አለቀስኩ። ከዚያ ሙት ወቃሽ ሆንኩ፤ ጊብን ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ሚስትህ ሃያ ዓመት እንቅልፍ ያጣችው ለዚች ቀልድህ ነው አልኩት። ስጨርስ አዘንኩለት። ያንን ቀልድ በቀን አርባ ጊዜ የሚቀልድ ሰው ነበር፤ በሠላሳ ዘጠኙ ስቄለታለሁ።

አንተን ምን እንደምልህ አላውቅም። የጣሪያውን ነገር ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ ከይቅርታህ ሁሉ እሱን መረጥኩት። ይቅር ብዬሃለሁ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ ገና እያሰብኩበት ነው፤ ሳስብም አንተን እያማከርኩ አይደለም።

በማግሥቱ ትሪሽ መጣች። ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ሬሲዳ ከተማ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነች። የአባቷ ፎቶ ሞልቷታል፤ ድምፁን ግን ሰምታ አታውቅም። የዚያን ዘመን የቤታችን ፊልም ሁሉ ድምፅ አልባ ነው። ማሽኑን አየችና ምንድነው አለች። ልደብቃት እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ከዚያ ያንተ ደብዳቤዎች ትዝ አሉኝና መለስኩት። አጫወትኩላት። ጊብ ርቀቱን ሲጠራ፣ ረዳቱን ሲሳደብ፣ ከዚያ ያንን ሽማግሌ ድምፅ ሲያወጣ ሰማች። ሳቀች። አሳቃት፣ ሜርል፣ በደንብ ነው ያሳቃት። «አባቴ ይህ ነው? እንዲህ ነው የሚያወራው?» አለችኝ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ማቆሚያውን ተጫንኩ። መልሺው አለች፤ መለስኩት። ሦስት ጊዜ ሰማችው፤ ሦስት ጊዜም ሳቀች። በአራተኛው እጄን ከማቆሚያው ላይ አነሳችና፣ «ሁልጊዜ እዚህ ላይ የምታቆሚው ለምንድነው? ከዚያስ?» አለች።

የማውቀውን ነገርኳት። እኔ ዞሬ እንደነበርና የቀረውን የሚያውቅ አንድ ሰው ፓራምፕ እንደሚኖርም ነገርኳት። አድራሻህን ከፖስታው ላይ ቀዳች። የፊታችን ቅዳሜ ትመጣለች፤ እኔ አልላክኋትም፣ አልከለከልኳትምም። ቤት ሁን። ውሻው የማይነክስ ከሆነ እሰረው አልልህም። ስለ ቃሉ ትጠይቅሃለች፤ ስለ ጣሪያውም ትጠይቅሃለች፤ አባቷን ስትመታ ምን እንደተሰማህም ትጠይቅሃለች፤ ፈሪ አይደለችም። ዓይኗን ስታይ ታሳዝንሃለች፤ አውቅሃለሁ። አዝነህ እንዳትዋሻት። የአንድ ጊዜው ደግነትህ ይበቃናል።

ላቨርን